የዚንክ ጣት

ካናዛዋ ላይ በረዶው ከጣራ ጣራ ሲያያዝ
እኛ ምድር ቤት ነን፤ ሙቀቱ ሃያ ሁለት፣ ሳይጨምር፣ ሳይቀዘቅዝ፤
አሥራ ሁለት ሰዓት ብርሃን፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ጨለማ፣
ወቅት የማያውቁ አይጦች፣ ወፍ የማይሰማበት ከተማ።

ሺዙኤ ሳን ከሁላችን ቀድማ ትገባለች፣
ጓንቷን ከማጥለቋ በፊት መዳፏን ታሞቃለች።
«ቀዝቃዛ እጅ ያስደነግጣል» ነው የሠላሳ ዓመት ትምህርቷ፤
በአንድም ጥናት ገጽ ላይ አልተጻፈም ስሟ ከነአባቷ።

የምናጠናው ዘረመል ቁጥር ነው እንጂ ስም የለው፤
የሚያሠራው ፕሮቲን ግን፣ እጅ ሳይኖረው ጣት አለው።
እንቆቅልህ ቢሉ ልጆች፣ መልሱ ይኼ በሆነ ነበር።
በእያንዳንዱ ጣት እጥፋት አንዲት የዚንክ አቶም አለች፣
እንደ ቀለበት ሳይሆን እንደ አጥንት ሆና የቆመች፤
እሷ ከሌለች ጣቱ ይፈታል፣ ልቅ ክር ይሆናል፤
እሷ ካለች ግን የዲኤንኤውን ጠመዝማዛ መሰላል
በጨለማ፣ በዳበሳ ይወጣል፤ ፊደል ከፊደል ይለያል፤
የራሱን ቃል ሲያገኝ ይጨብጣል።
ከዚያ በኋላስ? ማን ያውቃል።

ጣት ቢገማ ተቆርጦ አይጣልም ይላል የድሮ ሰው፤
እኛ ግን ያልገማውን፣ ጤነኛውን ነው የምንቆርጠው፤
ሥራህ ምንድነው ብለን ሳይሆን፣ ስትጠፋ ምን ይጎድላል ብለን፣
ከባዶው ወንበር ተነስተን ተቀማጩን ልንገምት ፈልገን።

እናም ቁጥር አርባ አንድ ያለ ዘረመሉ ተወለደች፤
ከእህቶቿ ጋር ሮጣ ወደቀች፣ ተነስታም ሄደች።
ምንም አልጎደላትም፣ እስከ ገንዳው ድረስ።

በክብ ገንዳ ውስጥ ውሃ አለ፣ በወተት ዱቄት የደፈረሰ፤
መቆሚያው ከውሃው በታች፣ ለዓይን ያልደረሰ።
ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ እኛ የምንቆጥረው ሰከንድ፦
ሰኞ ጠዋት ስልሳ፣ ሰኞ ከሰዓት አሥራ አንድ።
ተማረች! ዶክተር ኡሜዛኪ አጨበጨበ።
ማክሰኞ ገንዳው ያው ገንዳ፣ መቆሚያው ከቦታው ያልተሳበ፤
እሷ ግን ጠርዝ ጠርዙን ዋኘች፣ እንደ አዲስ፣ ስልሳ ሰከንድ።
ረቡዕም ስልሳ። ሐሙስም ስልሳ። ዛሬን ወደ ነገ የሚያሻግረው መንገድ
በሷ ውስጥ ድልድይ የለውም፤
ነገር ይመጣባታል፣ ነገር ግን አያድርባትም።

«ተግባሩ ታወቀ» አልን። ሻይ ጠጣን በወረቀት ኩባያ።
የዘረመሉ ሥራ፦ ለዋለ ነገር ማደሪያ።

ሺዙኤ ሳን ግን በሰማያዊው ደብተሯ፣ ከክብደቱና ከምግቡ በታች፣
በእርሳስ እንዲህ ጽፋለች፦
«መርፌ በተወጉ ማግሥት ሌሎቹ ከጥግ ይለጠፋሉ፣
ጥርሳቸውን ያሳያሉ።
አርባ አንድ ግን ዛሬም ወደ እጄ መጣች፤
ትናንት የወጋት እጅ መሆኑን አላወቀች።
መዳፌን አሸተተች፤ ተኛችበት።
እኔም ትናንት አልነበርኩም ብዬ ዋሸሁ፣ ለአንድ ደቂቃ፣ ቆሜ ባለሁበት።»

«ይህ መለኪያ አይደለም» አልኳት። እውነቴን ነበር።
ሠንጠረዡ ውስጥ አልገባም። ሰረዝኩት። እሷም ዝም አለች።

መኸር ሲገባ ከሕንፃው ጀርባ ካለው ጥቁር ድንጋይ ፊት ቆምን፤
በየዓመቱ እንደምናደርገው፣ ለሞቱት አንገታችንን ደፋን።
ኡሜዛኪ ከወረቀት አነበበ፦ ምስጋና፣ ከዚያ ቁጥራቸውን።
የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ ይባላል፤ እዚያ ድንቢጥ እንኳ የለችም፤
ሺዙኤ ሳን ብቻ፣ ከኪሷ የሱፍ ፍሬ አውጥታ
ድንጋዩ ላይ ደረደረች፣ አርባ አንድ ፍሬ፣ አጎንብሳ፣ ቆይታ።

ሰባት ዓመት ሆነ። ጽሑፉ ወጣ፣ ተጠቀሰ፣ ተረሳ።
እኔ ግን ሌሊት ስነሳ
ያን የእርሳስ መስመር አነበዋለሁ፣
የሰረዘውን እጄን አየዋለሁ፤
እንደ ጤነኞቹ አይጦች ከጥግ ተለጥፌ አድራለሁ።
በእኔ ውስጥ ያው ዘረመል፣ ሙሉ፣ ማንም ሳይቆርጠው፣
መሰላሉን በዳበሳ ወጥቶ፣ ቃሉን አግኝቶ ጨበጠው።

ጣቶቹ ትንንሽ ናቸው።
አይለቁም።